ካርታ ያለውና ለዓመታት የኖረው ሲካሰሱ፦ የይዞታ ክርክርን ደረጃ በደረጃ መያዝ

«ሃያ ዓመት የኖርኩበት ግቢ ነው፤ አሁን ካርታ የያዘ ሰው መጥቶ ውጣ ይለኛል።» «ካርታው በስሜ ነው፤ ቦታዬ ላይ የሰፈረው ሰው ግን አልወጣም አለ።» እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሳያሰልሱ ይደርሱኛል። ጠያቂዎቹ ተቃራኒ ወገን ይሁኑ እንጂ ሁለቱም መጀመሪያ የሚሠሩት ሥራ አንድ ዓይነት ስለሆነ አንድ ላይ ጽፌዋለሁ። እርስዎ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ እያሰቡ ያንብቡት፤ የተከራካሪዎን መንገድ ማወቅም ይጠቅምዎታል።

በዚህ ዓይነት ክርክር ብዙ ሰው የሚሸነፈው የተሳሳተ ክስ ይዞ ወይም ጊዜው ካለፈ በኋላ ስለሚቀርብ ነው። የሚከተሉት ደረጃዎች ይህን ለመከላከል የተዘጋጁ ናቸው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ ክርክሩ የሚነሳው በሁለት ነገሮች ላይ ነው፦ በመሬቱ የመጠቀም መብት (ይዞታ) እና በላዩ ባለው ቤት፣ ዛፍ ወይም ሌላ ንብረት። አቤቱታዎ ላይ «መሬቴን» ብለው ብቻ ከጻፉ ዳኛው ምን እንደጠየቁ ለማወቅ ይቸገራል። «የይዞታ መብቴን» ወይም «ቤቴን» ብለው ለይተው ይጻፉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የይዞታ ማረጋገጫው (ካርታው) ወይም የገጠር መሬት ደብተሩ ኮፒ፣ የእርስዎም የተከራካሪዎም፣ ከነፕላኑ
- የግብር ደረሰኞች፣ በዓመት ቅደም ተከተል የተደረደሩ
- ወደ ቦታው የገቡበት ሰነድ፦ የሽያጭ ወይም የስጦታ ውል፣ ኑዛዜ፣ የወራሽነት ማረጋገጫ፣ የምሪት ደብዳቤ፣ የኪራይ ውል
- የመብራትና የውሃ ቆጣሪ የገባበት ውል ወይም የቆየ ቢል
- የተጎራባቾች ካርታ ወይም ደብተር ኮፒ (ምክንያቱን ደረጃ 4 ላይ ያገኙታል)
- ቤቱን፣ አጥሩንና ዛፉን የሚያሳዩ ፎቶዎች፣ ቀናቸው የሚታወቅ
- ነገሩን ከመጀመሪያው የሚያውቁ የሦስት ወይም የአራት ሰዎች ስምና አድራሻ

ዋና ሰነዶችን ለማንም አይስጡ። ለጠበቃም፣ ለጉዳይ አስፈጻሚም፣ ለሽማግሌም ኮፒ ይበቃል፤ ዋናው ለማመሳከር ሲጠየቅ ብቻ እርስዎ ይዘውት ይቅረቡ።

1. እንዴት እንደገቡ በአንድ ገጽ ይጻፉ

ይህ ደረጃ ቀላል ይመስላል፤ ሌላው ሁሉ ግን የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። ስንት ዓመት እንደኖሩ ከመቁጠርዎ በፊት በማን ፈቃድና በምን መንገድ እንደገቡ ይጻፉ፤ ሕጉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ከሚከተሉት የትኛው የእርስዎን እንደሚመስል ይለዩ።

በኪራይ፣ በጥበቃ ወይም በውለታ የገባ። የቤቱ ባለቤት «እስክመለስ ግባበት» ያለው ዘመድ፣ ተከራይ፣ የግቢ ጠባቂ፣ በገጠር ደግሞ የእኩል ወይም የሲሶ አራሽ እዚህ ይመደባል። እንዲህ ያለ ሰው የያዘው በሌላ ሰው ስም ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢኖርበትም ዘመኑ ባለቤት አያደርገውም። የቀበሌ ቤት ተከራይም እንዲሁ ነው። ካርታ ያለዎት እርስዎ ከሆኑ ተከራካሪዎ እንዲህ እንደገባ የሚያሳይ ነገር ይፈልጉ፤ አንድ የኪራይ ደረሰኝ ወይም «አደራ ቤቱን ጠብቅልኝ» የሚል ደብዳቤ ብዙ ያስረዳል።

በመንደር ውል የገዛ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረግ አለበት። የመንደር ውል ይህን አያሟላም። ሻጩ ወይም ወራሾቹ ሽያጩን የሚያምኑ ከሆነ ግን ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛልና ሻጩ በሕይወት ካለ አግኝተው በጽሑፍ ያስፈርሙት። ሻጩ ባለትዳር ከነበረ የትዳር ጓደኛው መፈረሙንም ያረጋግጡ፤ ብዙ ውል የሚፈርሰው በዚህ ነው።

የገጠር መሬት ገዛሁ የሚል። እዚህ ላይ በጣም ይጠንቀቁ። የገጠር መሬት ሽያጭ በሕገ መንግሥቱ የተከለከለ ስለሆነ «ገዝቼ ነው» የሚለው መከላከያ በራስ ላይ መመስከር ይሆናል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም የገጠር መሬትን ከሕግ ውጭ የያዘ ሰው በይርጋ (የክሱ ጊዜ አልፏል በሚል) ሊከላከል እንደማይችል ወስኗል።

በውርስ ወይም በቤተሰብ ግቢ የቀረ። አንዱ ልጅ ከወላጆቹ ጋር ኖሮ ሲቀር፣ ሌሎቹ ከሄዱበት ተመልሰው ድርሻ ሲጠይቁ የሚነሳ ነው። ይህ የውርስ ክስ ነው፤ ጊዜውም የተለየ ነው (ደረጃ 5)።

ባዶ ቦታ ላይ የሰፈረ ወይም በቀበሌ የተመራ። በምሪት ከሆነ ደብዳቤውን ይፈልጉ። ያለ ሰነድ ከሆነ መቼ እንደሰፈሩ የሚያሳይ ማስረጃ ዋናው ነገር ይሆናል።

ጽሑፉን ሲጨርሱ ለአንድ ነገሩን ለሚያውቅ ዘመድ ያስነብቡት። ዓመተ ምሕረት ከተዛባ አሁኑኑ ይታረም፤ በኋላ በምስክርዎና በእርስዎ ቃል መካከል የዓመት ልዩነት ሲገኝ ተከራካሪዎ የሚይዘው እሱን ነው።

2. ማህደሩን ያስወጡ

ካርታ የማህደሩ ውጤት ነው። ክርክሩ የሚፈታው ብዙ ጊዜ ካርታው ላይ በተጻፈው ሳይሆን ካርታው እንዲሰጥ ባደረገው ወረቀት ነው። ለመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የማመልከቻዎን ኮፒ «ደርሶናል» አስብለው ማኅተም ያስደርጉ። ሠራተኛው «ማህደሩ የሌላ ሰው ነው፣ አላሳይም» ካለ አይጨቃጨቁ፤ ክስ ከተመሠረተ በኋላ ፍርድ ቤቱ ማህደሩ እንዲቀርብ ሊያዝ ስለሚችል የማህደር ቁጥሩን ብቻ ይያዙ።

ማህደሩ ሲከፈት የሚከተሉትን ይመልከቱ፦ ካርታው የተሰጠው በምን መነሻ ነው (በምሪት፣ በሊዝ፣ በውርስ፣ በሽያጭ ወይስ ሰነድ አልባን በማስተካከል)? የተሰጠበት ቀን እርስዎ ከገቡበት ቀን ይቀድማል ወይስ ይከተላል? ልኬቱን የወሰደው ሠራተኛ ቦታው ላይ ማን እንዳገኘ ጽፏል? በቦታው ሌላ ሰው እያለ «ባዶ ነው» ተብሎ ከተጻፈ ይህን ነጥብ አጥብቀው ይያዙት።

ምክንያቱ ይህ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 መሠረት የባለቤትነት ማረጋገጫ ከአስተዳደር አካል የተሰጠው ሰው እንደ ባለቤት ይገመታል። ግምት ነውና ሊፈርስ ይችላል፤ አንቀጽ 1196 መንገዶቹን ይዘረዝራል፦ ማረጋገጫው ሕግን ሳይከተል ወይም ሥልጣን በሌለው አካል ተሰጥቶ ከሆነ፣ መነሻው ዋጋ የሌለው ተግባር ከሆነ፣ ወይም እርስዎ መብቱን ያገኙት ማረጋገጫው ከተሰጠ በኋላ ከሆነ። ማህደሩን ሲያገላብጡ ከእነዚህ አንዱን ነው የሚፈልጉት። ካርታ ያለዎት ወገን ከሆኑ ደግሞ በእነዚህ ነጥቦች ላይ ክፍተት እንደሌለ አስቀድመው ያረጋግጡ።

3. ደረሰኞችን አንድ በአንድ ያንብቡ

ብዙ ሰው የግብር ደረሰኝ በላስቲክ አሥሮ ይዞ ይመጣና «አሥራ ስምንት ዓመት ገብሬያለሁ» ይላል። ስንከፍተው የስድስቱ ዓመት ደረሰኝ የወጣው በካርታው ባለቤት ስም ሆኖ ይገኛል። በባለካርታው ስም የተከፈለ ግብር፣ ገንዘቡ ከእርስዎ ኪስ የወጣ ቢሆንም፣ እርስዎ በሌላ ሰው ስም እንደያዙ ለማስረዳት ሊቀርብብዎ ይችላል።

እያንዳንዱን ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አራት ነገር ይመዝግቡ፦ የከፋዩ ስም፣ የግብር ዘመኑ (ደረሰኙ የተቆረጠበት ቀን ሳይሆን የተከፈለበት ዓመት)፣ የቤት ወይም የቦታ ቁጥሩ፣ እና የክፍያው ዓይነት። የቤት ግብር፣ የቦታ ኪራይና የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያ የተለያዩ ናቸው። የቤት ኪራይ ለቀበሌ የተከፈለበት ደረሰኝ ግብር አይደለም፤ እንዲያውም ተከራይ መሆንዎን ያሳያል። የጎደለ ዓመት ካለ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄደው ከመዝገብ እንዲያወጡልዎ ያመልክቱ። የአንድ ጊዜ ክፍያ ብዙ ዓመት ሸፍኖ ከሆነ ይህም ይታያል፤ ዳኛው ክርክር ሲነሳ ተጠራቅሞ የተከፈለ ነው ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ይህ ሁሉ ልፋት ያለምክንያት አይደለም። አንቀጽ 1168 ለ15 ተከታታይ ዓመታት የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብር የከፈለ ባለይዞታን ባለቤት ያደርጋል። «ተከታታይ» የሚለውን ቃል አይለፉት። መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ በዚህ መንገድ የሚገኘው በላዩ ያለው ቤትና ንብረት እንጂ መሬቱ አለመሆኑንም አይርሱ። በኪራይ ወይም በአደራ የያዘ ሰው በዚህ አንቀጽ አይጠቀምም።

4. ቦታውን ራሱን ያስለኩ

ክርክሩ ስለ ጠቅላላ ቦታው ይመስላል፤ ሲለካ ግን የተጋጨው አጥር አጠገብ ያለ ቁራጭ መሬት ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በካርታው ላይ ያለውን ስፋትና ማዕዘኖች መሬት ላይ ካለው ጋር በባለሙያ ያስተያዩ። በአዲስ አበባ የ1988፣ የ1997 እና የ2003 ዓ.ም. የአየር ካርታዎች ስላሉ ቤቱ በየዓመቱ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው በእነሱ ሊጣራ ይችላል። ምስክር ሊዘነጋ ይችላል፤ በ1997 ካርታ ላይ የታየ ጣሪያ ግን ለክርክር ቦታ አይተውም።

አሁን ተጎራባቾችን ይጠይቁ። በገጠር ደብተር ላይ የእያንዳንዱ ማሳ አዋሳኞች በስም ተጽፈዋል። የጎረቤትዎ ደብተር «በምሥራቅ» ብሎ የእርስዎን ስም ከጻፈ፣ ክርክሩ ከመነሳቱ በፊት በሦስተኛ ወገን ሰነድ ላይ የተመዘገበ ምስክርነት ነው። «በምሥራቅ» ብሎ የተከራካሪዎን ስም ከጻፈም አስቀድመው ቢያውቁት ይሻላል።

5. ጊዜውን ያስሉ

ይርጋ መብት ያለውን ሰው ባዶ እጁን ያስቀረዋል። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

- ይዞታዎ በኃይል ተወስዶ ወይም ሁከት ተፈጥሮብዎ ከሆነ፦ ክሱ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (አንቀጽ 1149)።
- የውርስ ንብረት ይመለስልኝ የሚል ክስ፦ መብትዎንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቁ በኋላ 3 ዓመት፤ በማናቸውም ሁኔታ 15 ዓመት (አንቀጽ 1000)።
- በውል ላይ የተመሠረተ ጥያቄ፦ ልዩ ጊዜ ካልተደነገገ በቀር 10 ዓመት (አንቀጽ 1845)።

የሚቆጠርበትን ቀን በማስታወሻ ያስፍሩ፤ «ባለፈው ክረምት አጥሩን አፈረሰ» ሳይሆን ቀኑንና ወሩን። ተከራካሪዎ ይርጋን በመቃወሚያነት ሳያነሳ ቀርቶ እርስዎ የሚያተርፉበት ዕድል አለ፤ በእሱ መተማመን ግን አደገኛ ነው።

6. የሚቀየር ነገር ካለ ያስቁሙ

ተከራካሪዎ ሊሸጥ፣ ለባንክ ሊያሲዝ ወይም ሊያፈርስ እየተዘጋጀ ከሆነ ክስ ሲያቀርቡ ወዲያው የዕግድ ማመልከቻ ያያይዙ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ፍርድ ቤቱ ክርክሩ እስኪያልቅ ንብረቱ ባለበት እንዲቆይ የማዘዝ ሥልጣን ይሰጠዋል። ትዕዛዙ ሲወጣ ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ በእጅዎ ያድርሱና በማህደሩ ውስጥ መግባቱን ይጠይቁ። በፖስታ ይደርሳል ብለው ቤትዎ አይቀመጡ።

እርስዎም አይገንቡ። በሌላ ሰው ቦታ ላይ ስለተሠራ ቤት የሚናገሩት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1178 እና 1179 ባለመሬቱ ተቃውሞ እያለ በተሠራና ዝም ብሎ ባየው ሕንፃ መካከል ትልቅ ልዩነት ያደርጋሉ። ባለካርታ ከሆኑ ግንባታ እንዳዩ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ይቃወሙ። ዝምታዎ ለሠራው ሰው መከራከሪያ ይሆነዋል።

7. ትክክለኛውን ክስ ይምረጡ

ክስ የሚሰናከለው ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ነው።

ኖሮበት የተባረረ ወይም የታወከ ሰው የሚያቀርበው «ሁከት ይወገድልኝ» ነው። እዚህ የሚጠየቀው ማን ይዞ ነበር የሚለው ስለሆነ ክሱ ፈጣን ነው፤ ከሳሽ ባለቤትነቱን ማስረዳት አይጠበቅበትም። ተከሳሹ ግን ድርጊቱን የሚያስችል መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያጠራጥር ሁኔታ ካስረዳ ሊረታዎ ይችላል።

ካርታ ያለው ሰው ንብረቱን ከያዘበት ሰው ለማስመለስ የሚያቀርበው በአንቀጽ 1206 የተመለከተውን የባለቤትነት ክስ ነው። ይህን ትቶ የሁከት ክስ የሚያቀርብ ባለካርታ ብዙ ነው፤ ቦታውን ይዞ የማያውቅ ሰው በሁከት ክስ አይረታም፣ ጊዜውንም ያቃጥላል።

ካርታው በስህተት የተሰጠ ነው የሚል ነዋሪ ካርታው እንዲመክን አስቀድሞ ለሰጠው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማመልከት ይኖርበታል፤ መልስ ሲያጣ ወይም ሲከለከል መሥሪያ ቤቱን ጨምሮ ይከሳል። መሥሪያ ቤቱን ሳይከሱ «ካርታው ይሰረዝ» ማለት ለክርክሩ ቀዳዳ መተው ነው።

8. ሽማግሌ ይሞክሩ፣ ግን በወረቀት

በገጠር መሬት ክርክር መጀመሪያ በሽማግሌ እንዲታይ የክልል ሕግ የሚያዝባቸው ቦታዎች አሉ፤ ይህን ሳያልፉ ከቀረቡ መዝገቡ ሊዘጋብዎ ይችላልና ወረዳ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ዘንድ ይጠይቁ። በከተማም ቢሆን መሞከር ተገቢ ነው፤ ለነባሩ ነዋሪ የቤቱን ግምት ከፍሎ ማስወጣት ወይም ቦታውን ማካፈል የሁለቱንም ዓመታት የሚያድን መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ማካፈል ከሆነ ግን የተቆረሰው ቦታ በከተማው ደንብ ራሱን ችሎ ካርታ የሚያገኝ መሆኑን አስቀድመው ያጣሩ። ስምምነቱ ተጽፎ ለፍርድ ቤት ይቅረብና ይጽደቅ፤ ያልጸደቀ ዕርቅ አንዱ ወገን ሲሞት ወራሾቹ «አናውቀውም» ይሉታል።

9. ክሱን ያቅርቡ

ክሱ የሚቀርበው ንብረቱ ባለበት አካባቢ ላለ ፍርድ ቤት ነው። አቤቱታው ላይ እንዴት እንደገቡ፣ ተከሳሹ መቼ ምን እንዳደረገና ምን እንደሚጠይቁ በቅደም ተከተል ይስፈር። ዳኝነት የጠየቁበት ክፍል ውስጥ ያልጻፉትን ነገር ፍርድ ቤቱ አይሰጥዎትም፦ ቤቱን፣ ጉዳት ካሳ፣ ኪሳራ፣ የኪራይ ጥቅም ከፈለጉ እያንዳንዱን ለይተው ይጠይቁ። የዳኝነት ክፍያ የመክፈል አቅም ከሌለዎት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላሉ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም በሕግ ትምህርት ቤቶቻቸው በኩል ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

ተከሳሽ ከሆኑ መልስዎን በተቀጠረልዎ ቀን ያቅርቡ፤ የይርጋና የሥልጣን መቃወሚያ ካለዎት በመልሱ መጀመሪያ ላይ ያንሱት።

በፍርዱ ካልተስማሙ የይግባኝ ጊዜው ፍርዱ ከተሰጠ ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው። የፍርዱን ግልባጭ በዚያው ሳምንት ይጠይቁ፤ ግልባጭ መጠበቅ ብዙ ቀን ሊበላ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ

- ሰው በራስዎ ኃይል አያስወጡ። ካርታ ቢኖርዎትም በር መስበር፣ መብራትና ውሃ መቁረጥ ወይም ዕቃ ማውጣት በሁከት ያስከስስዎታል፤ በወንጀልም ሊያስጠይቅዎ ይችላል።
- ቀኑ ወደ ኋላ የተመለሰ ውል አይጻፉ፣ ለምስክር አይክፈሉ። ሐሰተኛ ሰነድና ሐሰተኛ ምስክርነት ወንጀል ናቸው፤ እውነተኛውን ማስረጃዎንም ያበላሻሉ።
- «ካርታ በሁለት ሳምንት አስጨርስልሃለሁ» ለሚል ደላላ ገንዘብ አይስጡ። በዚህ መንገድ የወጣ ካርታ አንቀጽ 1196 ራሱ የሚያፈርሰው ዓይነት ነው።
- ለተከራካሪዎ «ለጊዜው» የሚል የኪራይ ውል ወይም «ስትፈልግ እለቃለሁ» የሚል ወረቀት አይፈርሙ። ነዋሪ ከሆኑ በአንድ ፊርማ ተከራይ ሆነው ይቀራሉ።

የተለመዱ ስህተቶች

የትዳር ጓደኛን ወይም አብሮ ወራሽን ከክሱ ውጭ መተው፦ የቀረው ሰው በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 358 መሠረት ፍርዱን ሊቃወም ይመጣል፤ ክርክሩም እንደ አዲስ ይነሳል።

ምስክር ማብዛት፦ ሦስት ነገሩን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች «ሰምቻለሁ» ከሚሉ አሥር ይሻላሉ። ቤቱ ሲሠራ ጭቃ ያቦካውን ሰው ይጥሩ።

ቀደም ሲል የተዘጋ ፋይል መኖሩን አለማጣራት፦ በዚያው ቦታ አባትዎ ወይም ሻጩ ተከራክረው ከነበረ የቀድሞውን ውሳኔ ያግኙ። በተመሳሳይ ጉዳይና በተመሳሳይ ወገኖች መካከል የተሰጠ የመጨረሻ ፍርድ አዲሱን ክስ ያስቀረዋል።

ፍርድ አግኝቶ ቤት መሄድ፦ የፍርዱን ግልባጭ በአፈጻጸም መዝገብ ከፍተው ያስፈጽሙ፣ ለመሬት ጽሕፈት ቤቱም ያስገቡት፣ ከዚያ በኋላ ማህደሩ ተስተካክሎ ካርታው ወይም ደብተሩ በእርስዎ ስም መቀየሩን በዓይንዎ አይተው አዲሱን ኮፒ ይውሰዱ።